ጠይብ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ፦ ሶሲዮሎጂ መበላለጥን የሚያይበት ዓይን

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ አንድ ለየት ያለ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ የግብር አልነበረም፤ የክተትም አልነበረም። ስለ ስድብ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ጽሑፍ የሚጽፈውን፣ የሚነግደውን ሰው በሙያው እያነወሩ መጥራትን ይከለክላል። ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ ስለሆነ አንዱ ሌላውን በሥራው ሊንቀው እንደማይገባ ያስረዳል፤ ትእዛዙን ያላከበረም እንደሚታሰር ያስጠነቅቃል።

አንድ ንጉሠ ነገሥት ስድብን በአዋጅ እስከ መከልከል ከደረሰ፣ ነገሩ የጥቂት ባለጌዎች አፍ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ተሳዳቢው ቃሉን ከአባቱ ሰምቶታል እንጂ እሱ አልፈጠረውም። ተሰዳቢውም የተሰደበው በጠባዩ ወይም በጥፋቱ ሳይሆን በተወለደበት ቤት ሙያ ነው። ሁለቱም ከመወለዳቸው በፊት የነበረ፣ እነሱ ካለፉም በኋላ የሚቀጥል ሥርዓት አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ለይቶ የሚመረምረው የዕውቀት ዘርፍ ሶሲዮሎጂ ወይም የማኅበረሰብ ጥናት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ዘርፉ በሰዎች መካከል ያለውን መበላለጥ እንዴት እንደሚያጠና እናያለን። ምሳሌያችን የአገራችን ዕደ ጥበብ ሠሪዎች ናቸው። የውጭ አገር ሊቃውንትን ሥራ ስጠቅስ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩት ዓመት ግን “ዓ.ም.” የሚል ምልክት አለው።

ሶሲዮሎጂ የሚለውን ስም በ1830ዎቹ ያስለመደው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት ነው። ዘርፉ በዩኒቨርሲቲ ቦታ ያገኘው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ ሲሆን፣ ለዚህ ከደከሙት አንዱ ሌላው ፈረንሳዊ ኤሚል ዱርኬም ነው። ዱርኬም በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ የመረጠው ርእስ ራስን ማጥፋት ነበር። ምርጫው የታሰበበት ነው፤ ከዚህ የበለጠ የግል የሚመስል ድርጊት የለምና። እሱ ግን የተለያዩ የአውሮፓ አገሮችን መዝገብ አመሳክሮ ቁጥሩ ከሃይማኖት፣ ከትዳርና ከኑሮ ሁኔታ ጋር በሥርዓት እንደሚለዋወጥ አሳየ። አሜሪካዊው ቻርልስ ራይት ሚልስ ደግሞ በ1959 የግል ችግርን ከሕዝብ ጉዳይ የመለየትን ጥበብ የሙያው ዋና ችሎታ አድርጎ አቀረበው። ይህን በእኛ ምሳሌ እንየው። አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ባል ብታጣ የግል ችግሯ ነው፤ ምክንያቱ መልኳ ወይም ዕድሏ ሊሆን ይችላል። የአንድ ወረዳ የሸክላ ሠሪ ሴት ልጆች በሙሉ፣ ከትውልድ ትውልድ፣ ከገበሬ ቤት ሽማግሌ የማይላክላቸው ከሆነ ግን የመልክ ወሬ እዚያ ላይ ያበቃል።

ስለ መበላለጥ ሲነሣ አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው ገንዘብን ነው። ለገንዘብ መበላለጥ የታወቀ መለኪያ አለ፤ ጣሊያናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኮራዶ ጂኒ በ1912 ያቀረበው፣ በስሙም የሚጠራው። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ሰው እኩል ገቢ አለው ማለት ነው፤ አንድ ከሆነ ደግሞ ገቢውን ሁሉ አንድ ሰው ጠቅልሎ ወስዶታል። አገሮች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ይገኛሉ። መለኪያው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከጎረቤቱ ገበሬ የተሻለ ጥሬ ብር እያለው ከገበሬው ደጃፍ ቆሞ የሚያነጋግረውን ቀጥቃጭ አያየውም። ያንን ለማየት ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

በሥራቸው የተናቁት ዕደ ጥበብ ሠሪዎች እነማን ናቸው? በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራው ሴት፣ በብዙ ቦታም ሸማኔው ከዚህ ወገን ይቆጠሩ ነበር። በጣና ዙሪያ ታንኳ ከደንገል የሚሠሩት፣ ቀድሞ ጉማሬ በማደን ይታወቁ የነበሩት ወይጦዎች አሉ። በጉራጌ፣ በከምባታና በሀዲያ ፉጋ የሚባሉት፣ በከፋ ማንጆ የሚባሉት፣ በጋሞ ደጋ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቆዳ ፋቂዎቹና ቀጥቃጮቹ ደጋላ የሚባሉት አሉ። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ ራሳቸው ስድብ ሆነው ያገለገሉ ናቸው፤ እዚህ የጠቀስኳቸው በጥናቶች ውስጥ የሚገኙት በዚሁ ስም ስለሆነ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉትን ማኅበረሰቦች በስፋት ያስጠናውና ውጤቱን በአንድ መጽሐፍ ያሰባሰበው የዲና ፍሪማንና የአሉላ ፓንክረስት ሥራ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ታትሟል፤ ለዚህ ርእስ ዛሬም መነሻ የሚሆን መጽሐፍ ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚሠሩትን ነገር ቆጥረን ብናነሣው የአንድ ገበሬ ቤት ይሞላል። ማረሻው፣ ወገሉና ማጭዱ የቀጥቃጭ ሥራ ነው። ምጣዱ፣ ድስቱ፣ ጀበናው፣ እንስራውና ጋኑ የሸክላ ሠሪዋ ነው። ጋቢውና ነጠላው የሸማኔ፣ ስልቻውና አጎዛው የፋቂ ነው። በጉራጌ የጎጆውን ምሰሶ የሚያዘጋጀው የእንጨት ባለሙያ ፉጋው ነበር። ስለ ጉራጌ ሰፊ ጥናት ያደረገው አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ በ1960ዎቹ እንደጻፈው ግን እነዚሁ ባለሙያዎች እንሰት የሚተከልበት መሬት የራሳቸው አልነበረም፤ ወደ ሰው ቤት የሚገቡትም ሲፈቀድላቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ንድፈ ሐሳብ ችግር ይገጥመዋል። በ1945 ኪንግስሊ ዴቪስና ዊልበርት ሙር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሶሲዮሎጂስቶች መበላለጥ ለማኅበረሰብ ይጠቅማል የሚል ክርክር አቀረቡ። አንዳንድ ሥራዎች ከሌሎቹ ይበልጥ አስፈላጊ ናቸው፤ ረጅም ሥልጠናም ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ተሰጥኦ ያለው ሰው ወደ እነሱ እንዲሳብ ከፍ ያለ ክፍያና ክብር ሊኖራቸው ግድ ነው አሉ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሜልቪን ቱሚን የተባለው ሌላ ሶሲዮሎጂስት መልስ ሰጣቸው። የትኛው ሥራ “አስፈላጊ” እንደሆነ ማን ይወስናል? መበላለጡ ራሱስ ለብዙዎች የመሠልጠኛውን በር አይዘጋም ወይ? ሲል ጠየቀ። ሁለቱ ወገኖች የተከራከሩት ኢትዮጵያን አስበው አይደለም። ሆኖም ከማረሻ ሠሪው የተሻለ ፈተና የሚያገኙ አይመስለኝም። በበሬ አርሶ በሚበላ አገር ከማረሻ የሚቀድም ዕቃ የለም፤ ሙያውም ከልጅነት ጀምሮ በወናፍና በመዶሻ ሥር የሚለመድ ነው። በዴቪስና በሙር ስሌት ጠይቡ በክብር መቀመጥ ነበረበት።

ታዲያ ንቀቱ ከየት መጣ? የታሪክ ሰዎች የሚጠቁሙት መሬትን ነው። የቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ታሪክ ያጠናው ጄምስ ክዊሪን እንደሚያስረዳው፣ በዛሬው ጎንደር አካባቢ የሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ወደ ዕደ ጥበብ የገቡት መሬታቸውን ደረጃ በደረጃ ካጡ በኋላ ነው። ትውፊቱ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡትን ዐፄ ይስሐቅን ያነሣል፤ በክርስትና ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ይባላል። ርስት ማለት ከአባትና ከእናት ወገን የሚወረስ የመሬት መብት ነው። ርስት የሌለው ሰው ወይ ጢሰኛ ሆኖ የሰው መሬት ያርሳል፣ ወይም መሬት የማይጠይቅ ሙያ ይይዛል። እሳት፣ ጭቃና ድርና ማግ ርስት አይጠይቁም። በ17ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ዋና ከተማ ስትሆን ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነትና በአናጢነት የነገሥታቱን ሕንፃዎች በመሥራት ተሳትፈዋል። ጥበባቸው ተፈላጊ ነበር፤ የቀጥቃጭነቱና የሸክላው ስም ግን አብሯቸው ቀረ።

የመሬት ጥያቄ ካርል ማርክስ መበላለጥን ካየበት መንገድ ጋር ይገጥማል። ማርክስ ሰዎችን በመደብ የከፈለው በገቢያቸው መጠን አልነበረም፤ ለማምረት የሚያስፈልገውን ነገር ማን ይዞታል በሚል ነው። በአንድ የእርሻ አገር ይህ ነገር መሬት ነው፤ ባለ ርስቱ ይዞታል፣ ቀጥቃጩ አልያዘም። ይሁን እንጂ የማርክስ ቁልፍ በሩን እስከ መጨረሻው አይከፍተውም። ጠይቡ ወናፉም፣ መስፉም፣ ጉጠቱም የራሱ ነው፤ የሚቀጥረው ጌታ የለውም፤ ሥራውንም በዋጋ ይሸጣል። መሬት የሌለው ድኻ ጢሰኛ ከጠይቡ ጋር በንብረት ሲተያዩ ብዙም አይበላለጡም፤ ጢሰኛው ግን ከባለ ርስቱ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፣ በሠርጉም ይበላል፣ ልጁም የድኻ ልጅ ተባለች እንጂ የጠይብ ልጅ አልተባለችም።

ይህን ልዩነት ይበልጥ ያብራራው ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ነው። ቬበር በ1920 ካረፈ በኋላ የታተመው ትልቁ ሥራው መደብንና ማኅበራዊ ክብርን ለየብቻ ያስቀምጣል። መደብ በገበያ ውስጥ ያለህ ቦታ ነው። ክብር ደግሞ ሌሎች የሚሰጡህ ወይም የሚነፍጉህ ግምት ነው፤ በአኗኗር ይገለጣል፣ በመጠጋጋትና በመራራቅ ይጠበቃል። አንድ ወገን ክብሩን አጥብቆ መጠበቅ ሲፈልግ የሚዘጋቸው በሮች በየአገሩ ይመሳሰላሉ፦ አብሮ መብላትና መጋባት። እነዚህ ሁለቱ ፈጽመው ሲዘጉና መዝጋቱ በእምነት ሲደገፍ ቡድኑ በልደት ብቻ የሚገባበትና በሞት ብቻ የሚወጣበት ይሆናል።

የአገራችንን ጥናቶች በዚህ ዓይን ያነበበ ሰው በሮቹን አንድ በአንድ ያገኛቸዋል። በደቡብ በብዙ ቦታ ለዕደ ጥበብ ሠሪው የሚቀርብለት ምግብ በእንሰት ቅጠል ነበር፤ ዕቃው ከቤተሰቡ ዕቃ እንዳይቀላቀል። ገበያ ላይ የሚቀመጡት ዳር ነው፤ መንደራቸውም ከሌላው ተለይቶ ለእርሻ በማይመች ስፍራ ነው። ሲሞቱም የሚቀበሩበት የተለየ ነበር። ጋብቻውን ማንሣት አያስፈልግም። ሆኖም ግንኙነቱ ፈጽሞ የተቆረጠ አልነበረም። ልጅ ሲገረዝ፣ ሰው ሲሞት፣ ሥርዓት ሲፈጸም የዕደ ጥበብ ሠሪዎቹ አገልግሎት በብዙ ማኅበረሰብ ዘንድ የግድ ነበር። ልዩነቱ የሚጠበቀው እንዲህ ባለ ቅርበት መካከል ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ደንቡ ያን ያህል ዝርዝር የሆነው።

ንቀቱ ከሥራው ጠባይ የሚመነጭ ይመስል ነበር፤ ጭቃና ከሰል ያቆሽሻል፣ ቆዳ ይሸታል የሚል ምክንያት ይሰጣል። ይህን የሚያፈርሰው ሽመና ነው። በሰሜኑ ሽመና የሚናቅ ሙያ ሆኖ ሳለ፣ በጋሞ ደጋ ግን ማላ የሚባሉት፣ ማለትም ሙሉ መብት ያላቸው ባለ መሬቶች፣ ከእርሻቸው ጎን ሲሸምኑ ክብራቸው አልተነካም። አዲስ አበባ ውስጥ ሽሮ ሜዳን የሽመና ሰፈር ያደረጉት ከዚያው ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከዶርዜ፣ የመጡ ሰዎች ናቸው። ድሩ ያው ድር ነው፤ መወርወሪያውም ያው መወርወሪያ። አንድ ሌላ ማስረጃ ደግሞ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እናገኛለን። በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ለንጉሡ አቅልጠው ሠሩ። ግንኙነቱ ኋላ እስኪበላሽ ድረስ ከንጉሡ ክብርና ስጦታ አገኙ። የጋፋቱ ሰው በብረት ሥራ ከበረ፤ የአገሩ ጠይብ ግን በዚያው ዘመን በዚያው ብረት ይጠረጠር ነበር።

መጠርጠሩ ቡዳ ነው በሚል ነበር። ቡዳ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለውን እምነት ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ሶሲዮሎጂ ግን ስለ እምነቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ከተለመደው ይለያል። ቡዳ አለ ወይስ የለም ብሎ አይከራከርም። አሜሪካውያኑ ዊልያም ቶማስና ዶሮቲ ቶማስ በ1928 ያስተማሩት መርሕ እዚህ ይሠራል፦ ሰዎች አንድን ነገር እውነት ነው ብለው ከተቀበሉት፣ ውጤቱ እውነተኛ ይሆናል። እናት ልጇን ትሸፍናለች፤ ሰው ሲበላ ይጋረዳል፤ ሕመምተኛው “ማን በላህ?” ተብሎ ይለፈልፋል፤ የተጠራው ሰው ጎረቤት ያጣል። ይህ ሁሉ የሚታይና የሚመዘገብ ነው።

በመንዝ አማራ መካከል እምነቱን ያጠናው ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ ቡዳ ይባሉ የነበሩት ርስት የሌላቸው ባለ እጆች መሆናቸውን ዋና ነገር አድርጎ ያነሣል። እምነቱ ከባለ ርስቱና ከርስት አልባው ግንኙነት ተነጥሎ አይተነተንም። ባለ ርስቱ በቀን የበላይ ነው፤ ነገር ግን ማረሻውን ያገኘው ከናቀው ሰው እጅ ነው። ያ ሰው በምን ዓይን ያየኛል የሚለው ጥያቄ ሳይነገር ይኖራል። እኔ እንደምረዳው እምነቱ ለባለ ርስቱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈጽምለታል። መራራቁን ትክክል ያደርግለታል፤ የበላይነቱንም ሳያስበው ከንቀት ወደ ራስ መከላከል ይለውጥለታል። ሰው የሚያገልለውን ሰው ፈርቼው ነው ሲል ሕሊናው አይወቅሰውም።

ከተገለለው ወገን ሆኖ ነገሩን ለማየት ደግሞ ኧርቪንግ ጎፍማን በ1963 የጻፈው አጭር መጽሐፍ አለ። ኤች አይ ቪ በመጣ ጊዜ “መገለል” እያልን በየመገናኛ ብዙኃኑ የሰማነው ጽንሰ ሐሳብ ብዙ የተበደረው ከእሱ ነው። ጎፍማን የሚታወቅ ምልክትን ካልታወቀ ምልክት ይለያል። ምልክቱ ለሁሉ የታየበት ሰው ጭንቀቱ ከሰው ጋር ሲቀመጥ የሚሰማው ውጥረት ነው። ምልክቱ ያልታወቀበት ሰው ጭንቀት ግን ወሬው ነው፤ ለማን ልንገር፣ ለማን ልደብቅ፣ መቼ ይደረስብኝ ይሆን የሚል። በገጠር የሸክላ ሠሪ ልጅ የመጀመሪያው ዓይነት ናት፤ ሁሉ ያውቃታል። ትምህርት ጨርሳ ከተማ ስትገባ ሁለተኛው ዓይነት ትሆናለች። “አገርሽ የት ነው? የማን ልጅ ነሽ?” የሚለው ለሌላው ተራ የትውውቅ ጥያቄ ለእሷ ፈተና ነው።

ሸክላ ሠሪዋን ደጋግሜ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክላ በአገራችን በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው፤ በብዙ ቦታም ከሙያዎች ሁሉ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው እሱ ነው። ጭቃውን ቆፍራ የምታወጣው፣ የምታቦካው፣ ማገዶ ተሸክማ የምትተኩሰው፣ ዕቃውን በጀርባዋ ገበያ የምታወርደው እሷ ናት። ጥቁር አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ባቀረበችው ሐሳብ፣ ሁለት መገለሎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እንደ ሁለት ቁጥር ተደምረው አያበቁም፤ ሦስተኛ፣ የራሱ ጠባይ ያለው ሁኔታ ይፈጥራሉ። ስለ ሴቶች መብት የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ስለ ገበሬ ሚስት ነው፤ ስለ ዕደ ጥበብ ሲወራም የሚታሰበው ወንዱ ቀጥቃጭ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ከሁለቱም ወሬ ትቀራለች።

ይህ ሁሉ የእኛ ብቻ እንዳይመስል ጃፓንን መጥቀስ ይበቃል። ቡራኩሚን የሚባሉት ጃፓናውያን በመልክም፣ በቋንቋም፣ በሃይማኖትም ከሌላው አይለዩም። አያቶቻቸው ግን ቆዳ ፋቂዎች፣ ከብት አራጆችና ሬሳ ቀባሪዎች ነበሩ። የሜይጂ መንግሥት በ1871 በአዋጅ ከሌላው ዜጋ እኩል አደረጋቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1975፣ የቡራኩሚን ሰፈሮች ስም የተጻፈባቸው ምስጢራዊ ዝርዝሮች ለኩባንያዎች ይሸጡ እንደነበር ተጋለጠ፤ ዓላማው ሥራ አመልካቹ ከየት እንደተወለደ ለመለየት ነበር። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል። የአመልካቹን አድራሻ በጸጥታ ከዝርዝር ጋር የሚያመሳክረውን እጅ ግን በቀላሉ አይደርስበትም።

በእኛ አገር ከምኒልክ አዋጅ ይልቅ ብዙ የለወጠው የመሬቱ አዋጅ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ መሬት የማግኘት መብት ከትውልድ ሐረግ ተላቀቀ። በብዙ ቦታ ዕደ ጥበብ ሠሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የእርሻ መሬት አገኙ፤ በገበሬ ማኅበርም ከባለ ርስቱ ልጅ ጋር አብረው ተቀመጡ። የደረሳቸው መሬት ብዙ ጊዜ አነስተኛና ለምነት የጎደለው እንደነበር ጥናቶቹ ያሳያሉ። ያም ሆኖ፣ መነሻው መሬት ነው የሚለው ሐሳብ በተግባር የተፈተነው ያኔ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥና በትውልድ ልዩነት ማድረግን ከልክሏል። በፎገራ፣ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ደግሞ ከሕጉ ቀድሞ ሽመናን ዋና መተዳደሪያው አደረገ፤ በዚያ ወንዱም ይፈትላል፣ ሴቷም ትሸምናለች።

ሌላው ለውጥ ከስደት ጋር መጣ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያ ማንም ጠይብ አላላቸውም፤ ቡዳም ብሎ የፈራቸው የለም። ነገር ግን በ1996 የለገሱት ደም በምስጢር ይደፋ እንደነበር ሲታወቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። በ2015ና በ2019 ደግሞ የፖሊስን አያያዝ በመቃወም አደባባዩን ሞሉት። ጎንደር ላይ መለያው ሃይማኖትና ሙያ ነበር፤ በአዲሱ አገር የቆዳ ቀለም ሆነ። ለሶሲዮሎጂ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ሰጪ ጉዳይ ጥቂት ነው፤ ሰዎቹ እነዚያው ሆነው ሳለ ምልክቱ ተቀይሯልና።

ዛሬ ገበያውም እየተለወጠ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ይቆርጣል፤ እንስራውን የፕላስቲክ ጀሪካን ተክቶታል። በከተማ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን እስካሁን የሸክላ ነው፤ ሽቦው የሚቀበርበትን ገበታ የሚሠሩት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በውድ ይሸጣል፤ ሆኖም የማርክስ ጥያቄ እዚያ ተመልሶ ይመጣል፤ ከዋጋው ለሱቁ የሚቀረው ስንት ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ለሸመነው የሚደርሰውስ ስንት? ከጋሞ ደጋ ለሽመና እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ሕፃናት ጉዳይም ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

መገለሉ ቀንሷል አልቀነሰም ለማለት ሶሲዮሎጂ የሚጠቀምበት አንድ ቀላል መሣሪያ አለ። “ቀጥቃጭ ትንቃለህ?” ብለው ቢጠይቁ ሁሉም “አልንቅም” ይላልና፣ አሜሪካዊው ኤሞሪ ቦጋርደስ በ1920ዎቹ የማኅበራዊ ርቀት መለኪያ አዘጋጀ። መለኪያው ስለ ስሜት አይጠይቅም፤ ስለ ደረጃ ይጠይቃል። ከዚህ ወገን የሆነን ሰው በአገርህ ብታገኘው ትቀበለዋለህ? አብረኸው ትሠራለህ? በሰፈርህ ጎረቤት ይሆንሃል? በማኅበርህ ወዳጅ ታደርገዋለህ? በጋብቻስ ትዛመደዋለህ? ከሩቁ ተነሥቶ ወደ ቅርቡ በሰባት ደረጃ ይሄዳል፤ ተመራማሪው የሚመዘግበው መላሹ ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ጥያቄዎቹን በገበያ፣ በደቦ፣ በእድር፣ በማኅበር ጽዋና በቀብር መተካት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ቦታ ተከፍተዋል። ሽማግሌ ሲላክ፣ ሰባት ቤት ሲቆጠርና “ዘሯ ምንድን ነው?” ሲባል ግን ጥናቶቹ ደጋግመው የሚያገኙት መልስ ከሁሉም ዘግይቶ የሚለወጠው ነው።